የዓይን ሕመም ከክኒን ሲመጣ

ለራስ ምታት የተዋጠ ክኒን ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል ቢባል ብዙዎቻችን ቀልድ ይመስለናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ቶፒራሜት የሚባለው መድኃኒት ለሚጥል በሽታና ማይግሬንን ለመከላከል ይታዘዛል። በጥቂት ሰዎች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ፣ የሁለቱም ዓይኖች ግፊት በድንገት ይጨምራል፤ ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። ጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ችግሩ ከሌላው ድንገተኛ ግላኮማ ጋር መመሳሰሉ ነው። ለዚያኛው በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትለታል፤ ለዚህኛው ግን ቀዳዳው አይጠቅምም፣ ፓይሎካርፒን የተባለው ጠብታም ሊያብሰው ይችላል። ልዩነቱን የሚገልጸው አልትራሳውንድ ነው። የድምፅ ሞገዱ ከዓይን ነጩ ክፍል ሥር የተጠራቀመውን ውሃና ወደ ፊት የተገፋውን ሌንስ ያሳያል። ያን ጊዜ ዋናው ሕክምና ሐኪሙ መድኃኒቱን ማስቆሙ ይሆናል።

መሣሪያው በየሆስፒታሉ ቢኖር መልካም ነው። ነገር ግን «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ምን እንዲፈልግ ይታዘዛል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

ስለዚህ ያዘዘ ሐኪም ያስጠንቅቅ፤ የሸጠ ፋርማሲስት ይንገር። እኛም ተማሪዎች ከመኝታ ክፍል ጓደኛ ክኒን መዋስን ትተን የምንወስደውን መድኃኒት ስም ጽፈን እንያዝ። ዓይኑ በድንገት የደበዘዘበት ለነገ ሳይል ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም መድኃኒቱን በገዛ እጁ አያቋርጥ።