የማይጠየፍ ጉብኝት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ለአገር ጎብኚም እንደሚሆን የተረዳነው ባለፈው ዓመት እንግዶች ተማሪዎችን ይዘን ደሴን «የጎበኘን» ዕለት ነው። አንድ አስጎብኚ በአውቶቡስ ጭኖ ከጧት እስከ ቀትር ዘጠኝ ቦታ አሳየን። በየቦታው ወረድን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተሳፈርን። ማታ አንዱ እንግዳ «ለመሆኑ አይጠየፍ የተባለው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን ሦስቱ የደሴ ልጆች ነበሩ። እፍረቱ የአስጎብኚው ብቻ አይደለም፤ መርጠን የከፈልነው እኛ ነን።

አዲስ ተማሪ በገባ ቍጥር፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ጓደኛ በመጣ ቍጥር «ከተማይቱን በማን መሪነት እንያት?» እንባላለን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አስጎብኚ መምረጥ የሚነገረንን ታሪክ መምረጥ ስለ ሆነ፣ በበኩላችን ያሰብነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጉብኝቱ በእግር ይሁን። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታየው ዋናው ጎዳና ብቻ ነው። የቦታው ብዛትም አያታልለን። ዘጠኝ ቦታ አሳያለሁ ከሚለው ይልቅ በሦስት ቦታ ቆሞ ጥያቄያችንን የሚመልሰው ይሻላል። አይጠየፍ አዳራሽን እንውሰድ። በ1906 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ የተሰጠው ድኻና ጌታ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለይ ሁሉን ያስተናግዳል ለማለት እንደ ሆነ ይነገራል። ጥሩ አስጎብኚ በዚህ አያበቃም፤ እህሉ ከማን ጎተራ እንደ መጣ፣ እንጀራውን ማን እንደ ጋገረ፣ ውኃውን ማን እንደ ቀዳ ያነሣል።

ሁለተኛውን መመዘኛ ከዚሁ አዳራሽ ስም ወስደናል፤ ጉብኝቱ ራሱ የማይጠየፍ ይሁን። ቤተ መንግሥት አሳይቶ ገበያውን የሚዘል፣ መድኃኔ ዓለምን አሳይቶ የሸዋ በርን መስጊድ የሚያልፍ፣ ወይም የዚህን ግልባጭ የሚያደርግ፣ በሙሉ ዋጋ የወሎን ግማሽ ሸጦልናል ማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር እንደ ዘጉ አስጎብኚው ሁሉ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ መታዘዙን፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸውን፣ ሼህ ጠልሃ ደግሞ እምቢ ብለው መነሣታቸውን የሚነግረን ግን ስንቱ ነው? ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች አብረው የሚኖሩባትን ወሎን ማድነቅ ደስ ይላል። አብሮ መኖሩ በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ሳያውቁ ማድነቅ ግን ባዶ ሙገሳ ነው።

እኛ ተማሪዎች ነንና የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከጉብኝቱ ባይቀር እንወዳለን። የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። እዚያ የተማረው ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎች መጽሔት ወጥቶ አገር አነጋግሯል። በሐሳቡ የሚስማማም የሚቃወምም ከመካከላችን አለ፤ የትምህርት ቤቱን ደጅ ግን ሁላችንም ቆመን ልናየው ይገባናል።

ሦስተኛ፣ አስጎብኚው ቍስሉን አይሸፍንብን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ ቦምብ ሲያዘንቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማይቱ በትግራይ ኃይሎች በተያዘች ጊዜ ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። «ሙዚየሙ ተዘርፏልና ምን ይታያል?» ብሎ የሚያልፈውን አንምረጥ። የጠፋውን ዕቃ የሚያስታውስ ሰው ካልጠየቅነው ሁለተኛ ይጠፋል።

ኮምቦልቻስ? ብዙዎቻችን «የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ምን ታሪክ አላት?» እንላለን። ይህም መጠየፍ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱን አስቁመን ተራራውን እንመልከት። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦርና ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች የጣሊያንን ምሽግ የሰበሩት በዚህ በር ነው። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡበት ዕለት ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ነው። ከታች ስንደርስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደጅ ሠራተኛው በሚወጣበት ሰዓት እንቁም። ከተማይቱን የሠራት እርሱ ነውና ታሪኳንም እርሱ ይንገረን።

«ጊዜውስ? ገንዘቡስ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ የተማሪ ኪስ ስስ ነው። ነገር ግን ለአውቶቡስ ኪራይ የምናዋጣው ለአንድ የሰፈር አዋቂ የድካም ዋጋ ቢሆን ገንዘቡ እዚያው ሰፈር ይቀራል። በእግሩ መሄድ ለማይችል ጓደኛችን ባጃጅ ይያዝለት፤ እርሱን ጥሎ የሚሄድ ጉብኝት አይጠየፍ ሊባል አይችልም። ዋጋውን አስቀድመን እንነጋገር፤ ከአሥር ሰው አንብለጥ፤ ከቆላ የመጣውን እንግዳ ዳገቱ ትንፋሽ እንዳያሳጥረው ቀስ እንበል፤ የሰው ፊት ፎቶግራፍ ከማንሣታችን በፊት እናስፈቅድ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመጪው መስከረም አዲስ ተማሪዎችን ስንቀበል አውቶቡሱ ይቅር። ከየሰፈሩ አንድ አንድ አዛውንት ወይም እናት ተለምነው፣ ተገቢው ተከፍሏቸው፣ አሥር አሥር እየሆንን እንከተላቸው። የሚነግሩንንም ከየቡድኑ አንዱ ይጻፈው፤ ይህች መጽሔት ታወጣዋለች። የሚቀጥለው እንግዳ «አይጠየፍ ለምን ተባለ?» ሲለን ያን ጊዜ ጓደኛችንን ዞረን አናይም።