ሰው ሠራሽ የደም ሥር ሲመረቅዝ

በዚህ ወር ዓምዳችን ከኩላሊት ሕሙማን ቤተሰቦች ጋር እንነጋገራለን። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁንና በከተማችን በባሕር ዳር የኩላሊት እጥበት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከተማሪዎቻችን ወላጆች መካከል በየሳምንቱ ለእጥበት የሚመላለሱ ስላሉ ጉዳዩ የሁላችንም ሆኗል።

ደምን ወደ መሣሪያው አውጥቶ ለመመለስ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በክንድ ላይ የራስን ደም መልስ ሥር ከደም ቅዳ ሥር ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ነው። የኒውዮርክ ሐኪሞች በ1966 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቁት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ከሁሉም ይመረጣል። ሁለተኛው፣ የሕመምተኛው ሥር የማይበቃ ሲሆን፣ የማያጣብቅ መጥበሻ ከሚለበጥበት ከቴፍሎን ዓይነት የተሠራ ቱቦ ከቆዳ በታች መቅበር ነው። ሦስተኛው በአንገት በኩል የሚገባ ቱቦ ሲሆን ለመመርቀዝ ከሁሉም የቀረበው እርሱ ነው።

ለምን ይመረቅዛል? በቆዳችንና በእጃችን ላይ የሚኖሩ ጀርሞች በመርፌው ወይም በቱቦው በኩል ይገባሉ። ሕያው ሥጋ ደም የሚያመጣለት ተከላካይ አለው፤ ቱቦው ግን ሕይወት የለውም። ጀርሞቹ በላዩ ተጣብቀው እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ይሠሩና ከሥሩ ይደበቃሉ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያሉትን ይገድላል፤ የተደበቁትን ግን በአብዛኛው አይደርስባቸውም። ስለዚህ ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪሞች «ቱቦው መውጣት አለበት» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰብ «ስንት ተለፍቶና ወጪ ወጥቶ የገባ ነገር እንዴት ይወጣል?» ብሎ ሲከራከር እንሰማለን። ወጪው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የመረቀዘ ቱቦ ከቆየ ጀርሙ ወደ ልብ ወይም ወደ አከርካሪ ሊዛመት፣ ስፌቱም ተበጥሶ ደም በድንገት ሊፈስ ይችላል። የክንዱ ቱቦ ጥቂት ቦታ ብቻ ከተነካ ያን ክፍል ቆርጦ በንጹሕ በኩል አዲስ መቀጠል ይቻል ይሆናል፤ ሁሉም ከተነካ ግን ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከዚያም ለሳምንታት በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣል።

እንግዲህ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጋለ፣ መግል ካወጣ ወይም ሕመምተኛው በእጥበት ጊዜ ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ። በተለይ ከዘጌ በጀልባ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት በመኪና የምትመጡ፣ «እስከ ነገ እንየው» ማለት ለእናንተ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ከጎረቤት የተረፈ ወይም በራሳችሁ የገዛችሁትን ካፕሱል አትስጡ። ሐኪሙ ጀርሙን ለመለየት ደም የሚወስደው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ካፕሱሉ ከቀደመ ጀርሙ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

ደም ከፈሰሰ ቡና አትነስንሱ። በንጹሕ ጨርቅ ቦታውን በጣት አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የክንዱን ቆዳ ከእጥበት በፊት በውኃና በሳሙና እጠቡ። በዚያ ክንድ ላይ የደም ግፊት አይለካ፤ ጠባብ አምባርም አይደረግ። የአንገት ቱቦ ያለበት ሰው ፋሻው አይርጠብ፤ ጣና ውስጥም አይዋኝ።

«ታዲያ ውዱእና ትጥበትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቁስሉ የዳነ ክንድ ውኃ አይጎዳውም። ውኃ የሚያሰጋው የታሰረ ቦታ ሲሆን ግን ዑለማዎች በፋሻው ላይ ማበስን ፈቅደዋል። የአፈጻጸሙን ዝርዝር በአካባቢያችሁ ያሉትን ዑለማ ጠይቁ። ዲናችን ገር ነው፤ ለሶላት ሲል ቁስሉን የሚያርስ ሰው ያልታዘዘውን ሸክም ተሸክሟል።

አላህ ለሕሙማን ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎችም ሶብሩን ይስጥ። አሚን።