ቀባሪ ሞልቶ፣ ጧሪ ጠፋ!

“ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” ይላል የአገራችን ሰው ሲመርቅ። ቀባሪውን እንኳ አላጣንም፤ ዕድር አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ጥሩምባ ነፊው ሳይቀር በመዝገብ የተያዘ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ጧሪውስ? ለጧሪው መዝገብ የለ፣ መዋጮ የለ፣ ቅጣት የለ! ሰው ሞቶ የሚያገኘውን ክብር ግማሹን እንኳ በቁሙ እንዲያገኝ ያሰበለት የለም። ስለዚህ እኔ የምለው አጭር ነው፦ ጧሪነት ሙያ ይሁን፤ ትምህርት ይኑረው፤ ደሞዝ ይኑረው።

“ወላጅን መጦር የልጅ ግዴታ ነው እንጂ የምን ሙያ ነው?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ግዴታው የልጅ ነው። ልጁ ግን የት አለ? ይህን የሚጠይቅ ሰው እስቲ ወላይታ ወርዶ ሁምቦን ይይ።

ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ወረዳ ናት፤ ከተማዋ ጠበላ ትባላለች። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከ125 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮባታል። መሬቱ ጠቧል፤ አንድ አባት ለአምስት ልጅ የሚያካፍለው ማሳ የለውም። ስለዚህ ልጅ ይሄዳል። አንዱ አዲስ አበባ ሊስትሮ ነው፤ አንዱ ሎተሪ ያዞራል፤ አንዷ ዓረብ አገር ናት። ጊፋታ ሲደርስ የሄደው ሁሉ ይጎርፋል፤ በሬ ይታረዳል፣ ሳቅና ዘፈን ይሆናል። ጊፋታ ሲያልፍ ግን አውቶቡሱ ልጆቹን ጭኖ ይመለሳል፤ እንሰቱ ሥር የሚቀሩት አሮጊትና ሽማግሌ ናቸው።

እዚያው ሁምቦ ካገኘኋቸው እናቶች አንዷ፣ ጎረቤት እያስተረጎመልኝ፣ ስለ ልጃቸው አጫወቱኝ። ልጅቷ ቤሩት ነው የምትሠራው። ሥራዋ የአሠሪዋን አሮጊት እናት መንከባከብ ነው፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ሌሊት ተነሥታ ታገላብጣለች። የምትልከው ገንዘብ ለእናቷ ጣራ ቆርቆሮ ሆኗል። እናቷ ግን ወገባቸው አልነሣ ብሏቸው ውኃ የሚቀዳላቸው የጎረቤት ሕፃን ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ካልሄደ! “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” የሚባለው ተረት እዚህ ቤት ተረት አይደለም። ጥፋቱም የልጅቷ አይደለም። እሷማ የሚከፍላት ያለበት ሄደች።

ታዲያ መንግሥታችን ይህን ሥራ ሙያ መሆኑን አያውቅም? አሳምሮ ያውቃል! በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ2015 ዓ.ም ደግሞ እስከ 500 ሺህ ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመላክ ዘመቻ መከፈቱ ተዘግቧል። እንግዲህ ልብ በሉ! ለባዕድ አረጋዊ የሚሆን ሥልጠና፣ ምዝገባና ሰርተፊኬት አለ። ለሁምቦ አረጋዊ ግን ሠልጥና የተቀጠረች፣ ደሞዝ የሚከፈላት አንዲት ሴት እንኳ አላየሁም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተንከባካቢ ይልካል፤ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተንከባካቢ ያጡትን አረጋውያን ይዟል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ቡና ተጠራርተው አያውቁም እንዴ?

ሥራው እኮ ዝም ብሎ የደግነት ጉዳይ አይደለም። አልጋ የያዘ ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ እንዳለበት ስንቶቻችን እናውቃለን? መዋጥ ያቃተውን ሰው አስተኝቶ ማጉረስ ሊያንቀው እንደሚችልስ? ልጃቸውን “አንተ ማነህ?” የሚሉትን አባት “ጃጁ” ብለን እንተዋቸዋለን እንጂ የመርሳት በሽታ የሚባል ሕመም እንዳለና አያያዙ ትምህርት እንዳለው የነገረን የለም። አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚሠራ ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን አስገድዳለች። በጀርመን ሙሉ ሙያተኛ ለመሆን 3 ዓመት ይማሩታል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ስንትና ስንት ወገኖቻችን በዚሁ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ማንም አይንቃቸውም።

ባሕር ማዶ መሄድም አያስፈልግ። ወላይታ በቀዩ አፈር ምክንያት እግር የሚያሳብጠው በሽታ ያጠቃው አገር ነው። ከ1990 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ሶዶ ላይ “ሞሲ ፉት” በሚል ስም የተቋቋመው ማኅበር ያደረገውን እንይ። ራሳቸው ሕመሙ የነበረባቸውን ገበሬዎች አሠልጥኖ እግር ማጠብን፣ ቅባት መቀባትን፣ ማሰርን፣ ጫማ ማድረግን ለሌላው እንዲያስተምሩ አሰማራ። በውኃ፣ በሳሙናና በጫማ ስንቱ ሰው ከጓዳ ወጥቶ ገበያ ዋለ! ሐኪም ሳይሆኑ፣ በቅጡ የሠለጠኑ የሠፈር ሰዎች በመሆናቸው ብቻ።

ሁምቦ ራሷ ሌላ ምስክር አላት። የተራቆተው ተራራዋ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍና በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥበቃ አገግሟል፤ 2,728 ሄክታር! አዲስ ችግኝ ብቻ ተተክሎ አይደለም፤ ያረጀው ጉቶ ከብት እንዳይበላው ተጠብቆ፣ ተገርዞ፣ ዳግመኛ አቆጥቁጦ ነው። ደኑ ያመቀው ካርቦን ለዓለም ባንክ ተሽጦ ለገበሬው ገንዘብ አስገኝቷል። እንግዲህ ለጉቶ ጠባቂ ያቆመ ሕዝብ፣ ለወለዱት አባትና እናት ጠባቂ ማቆም እንዴት ያቅተዋል?

ወረቀት ከሆነ ሞልቶናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም የሚሠራ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብርም ወጥቶ ነበር፤ ጊዜው አለፈ። በየዓመቱ መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን ይከበራል፤ ቲሸርት ይለበሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ አረጋውያኑም ፀሐይ ላይ ሲያጨበጭቡ ውለው ወደየጎጇቸው ይመለሳሉ። የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አሉ፤ አይካድም። ግን ብር አያገላብጥም፤ ብር ገላ አያጥብም!

አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም የመሠረቱት መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከሜዳ አንሥቷል። ክብር ይገባቸዋል። “ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው” የሚለው መፈክራቸው ልብ ለማነሣሣት በቂ ነው። የተኛን ሰው ወገቡን ሳይሰብሩ ለማንሣት ግን ሙያም ይጠይቃል። ደግሞስ የአንድ አገር አረጋዊ ሁሉ እስከ መቼ በአንድ ሰው ደግነት ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል?

“ገንዘቡ ከየት ይምጣ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም በወላይታ ዞን መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ደሞዝ ዘግይቶባቸው ሲያለቅሱ ሰምተናል፤ ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ግን መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መመደብ ተችሏል፤ በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆነዋል። ሲጀመር በነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ ግን ለአረጋዊ የተለየ አንድ እንኳ አልነበረም። ያንኑ መንገድ ለአረጋውያን መዘርጋት ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ሶዶም ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። ከጠበላ 20 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ቢሮ “ሩቅ ነው” የሚል ሰበብ አይሠራም። ክልሉ በአንድ ወረዳ፣ በጥቂት ቀበሌ ይጀምር። ዕድሮችም ከቀብሩ መዋጮ ጥቂት ሳንቲም ለጧሪ ይቁረጡ።

ያኔ የሁምቦ ልጅ “ምን እያጠናሽ ነው?” ስትባል አንገቷን ቀና አድርጋ “የአረጋውያን እንክብካቤ” ትላለች። ቤሩት መሄድ የፈለገች ትሂድ፤ መብቷ ነው። ግን ሙያዋን ይዛ መቅረትም የምትችልበት ደሞዝ አገር ቤት ይጠብቃት።

ባለሥልጣኖቻችንም እናንተም ታረጃላችሁ። ጋቢናው፣ ዘበኛው፣ ሥልጣኑ የሚቀርበት ቀን ይመጣል። የዚያን ቀን የምታገላብጣችሁን ልጅ ዛሬ ካላስተማራችኋት ከየት ታመጧታላችሁ? ነግ በእኔ ነው!