የዘጋው ተራራው ብቻ አይደለም

በላስታ ደጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ቀድሞ የሚከሰሰው ተራራው ነው። ክሱ ግማሽ እውነት አለው።

ገነተ ማርያም አካባቢ ከአፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለ ዘመዱን የሚጣራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ድምፁ በቀጥታ ይሄዳል፣ ከገደሉም ተላትሞ ዘግይቶ ይደርሳል። ቶሎ ቶሎ ከተናገረ ቃል በቃል ላይ ይደረባል። ስለዚህ ቃሉን ያስረዝማል፤ የገደል ማሚቶው እስኪያልፍም ፋታ ይሰጣል።

4ጂ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መረጃውን በአንድ ፈጣን ጅረት ከመልቀቅ ይልቅ በብዙ ጠባብ ሞገዶች ላይ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዳቸው ቀስ እያለ ይልካል። በየምልክቱ መካከል 4.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ፋታ አለ። በዚያች ቅጽበት የሬዲዮ ሞገድ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚህ ባነሰ ዙሪያ ጥምጥም የዘገየ ማሚቶ ምልክቶቹን አያደባልቅም። ለሰፋፊ ሸለቆዎች ደግሞ 16.7 ማይክሮ ሰከንድ የሚደርስ አማራጭ በደረጃው ውስጥ ተቀምጧል። ብዙ አንቴናዎች ሲታከሉ ከየገደሉ ተላትሞ የሚመጣው ሲግናል እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ አቅም ይሆናል። ስህተት አራሚው ኮድም የተበላሸውን ያቃናል።

ማሚቶን የሚያሸንፍ ሒሳብ ግን ዝምታን አያሸንፍም። ከሸንተረሩ ጀርባ ሞገድ ካልደረሰ የሚታረም ነገር የለም። ለዚያ መፍትሔው ማማ መጨመር፣ ሸንተረርን በተሻለ የሚታጠፉትን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎች መጠቀም፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሶላርና ባትሪ ማኖር ነው።

«ለጥቂት ቀበሌዎች ይህ ሁሉ ወጪ አያዋጣም» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ ግን የካርድ ሽያጭ ብቻ መሆን የለበትም። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የምትጠራበት፣ አስጎብኚው ከእንግዳው የሚገናኝበት፣ ነጋዴው ገንዘብ የሚያስተላልፍበት መስመር ነው።

ሌላም ዝምታ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሲግናሉን የዋጠው አቡነ ዮሴፍ ተራራ አልነበረም። የሰው ውሳኔ ነበር። ሆን ተብሎ የተዘጋን መስመር የሚያርም ኮድ እስካሁን አልተሠራም።

አዲስ አበባ 5ጂ ማየት የጀመረችው በ2014 ዓ.ም. ነው። ፍጥነት መጨመሩ መልካም ነው። ከፍጥነት በፊት ግን ለላስታ የሚቀድመው ደውሎ መገናኘት ነው። ገነተ ማርያም አለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የወጣበት ስፍራ ነው። እዚያ «ተራራው አስቸገረን» የሚል ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ይቁጠር።