ንብም ይጠማል

ከብት ወደ ወንዝ ሲነዳ ሁላችንም አይተናል፤ ለንብ ውሃ ሲቀርብ ግን እምብዛም አይታይም። ሆኖም በአዘናና በአካባቢዋ አበባው ረግፎ ምንጩ በሚጎድልበት በበጋ ወራት ንብም ይጠማል።

ሠራተኛዋ ንብ ቀድታ ከምታመጣው ውሃ ከፊሉ ወፍራሙን ማር አቅጥኖ ለእጮች ምግብ ማዘጋጃ ይሆናል፤ ከፊሉም በክንፍ እየተራገበ ሲተን ቀፎውን ያቀዘቅዛል። እጮቹ ያሉበት ስፍራ 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋልና። ውሃ ያጣ መንጋ ቀፎውን ጥሎ ሊኮበልል ይችላል፤ ወይም የተባይ ማጥፊያ መርዝ ከፈሰሰበት ኩሬ ጠጥቶ ያልቃል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። በአንድ ጣባ ጠጠርና ጭራሮ ይጨመር፤ ንብ መቆሚያ ካጣች ትሰጥማለች። ንጹሕ ውሃም ጠጠሩን ሳይሸፍን ይሞላ። ጣባው ከቀፎው በር ፊት ገለል ብሎ ይቀመጥ፤ አለዚያ ኩሳቸው ይወድቅበታል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፥ ጣባውም ይታጠብ። ንብ የለመደችውን ስፍራ በቀላሉ አትተውምና ሥራው ክረምቱ እንዳለፈ ይጀመር፥ ከተጀመረም አይቋረጥ።

ለበዓል ወደ ወላጆቻችሁ የምትሄዱ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ! ከስኳሩና ከቡናው ጋር ይህንንም ዕውቀት ይዛችሁላቸው ሂዱ።