ደሴ የሌለ ነገር

«ስማ፣ ጥብስ እንዳታበላኝ» አለኝ ገና ከመቀመጡ። «ጥብስ ደሴ ሞልቷል። ሽሮም ሞልቷል። ደሴ የሌለ ነገር አብላኝ።»

«ለምሳሌ?»

«ፒዛ ሀት።»

ወዳጄ ከደሴ አዲስ አበባ የመጣው ለቤቱ ቀለም ሊገዛ ነው። ነፋስ ስልክ ደግሞ በቀለም አይታማም፤ የሰፈሩን ስም የተሸከመ የቀለም ፋብሪካ ያለን ሰዎች ነን። ግዢውን ረፋዱ ላይ ጨርሶ፣ ባልዲዎቹን እኔ ቤት አስቀምጠን፣ ጎፋ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ እሱ ማኪያቶ፣ እኔ ጥቁር ቡና ይዘናል። እኔ በልቤ ያሰብኩለት ምሳ ሌላ ነበር።

«ፒዛ እኮ ደሴም አለ» አልኩት።

«ፒዛው አለ። የፒዛ ሀት ቀዩ ጣራ ነው የሌለው። ልጆቹ በስልክ ሲያዩት ይውላሉ። ‹አባዬ፣ አዲስ አበባ ከሄድክ ፎቶ› ተብያለሁ።»

«ስለዚህ የምንሄደው ልንበላ ሳይሆን ፎቶ ልንነሳ ነው።»

«ሁለቱንም። ሆድና ስልክ ምን አጣላቸው?»

«ታሪኩን ታውቀዋለህ?»

«ማኪያቶው እስኪያልቅ ንገረኝ።»

ነገርኩት። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ዊቺታ የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆች 1958 ዳንና ፍራንክ ካርኒ የተባሉ ወንድማማቾች ከእናታቸው 600 ዶላር ተበድረው እዚያች ከተማ አንዲት ትንሽ ፒዛ ቤት ከፈቱ።

«እናትየዋ ዕቁብ ደርሷት መሆን አለበት።»

«ዛሬ ዓለም የሚያውቃት ያቺን ቤት ነው። ጎርባቾቭ ሳይቀር ማስታወቂያ ሠርቶላታል። በእኛ 1990 ዓ.ም መሆኑ ነው።»

ስኒውን አስቀመጠ። «የትኛው ጎርባቾቭ? የሶቪየቱ?»

«ራሱ።»

«ጓድ ጎርባቾቭ ፒዛ ሲሸጥ! ወይ ጊዜ!» ብሎ ሳቀ። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ የሚስቀው ሳቅ ለብቻው ነው።

ፒዛ ሀት እዚህ አገር የገባው በ2010 ዓ.ም ነው፤ ያመጣው ስሙን ከኪያ መኪና ጋር የምናውቀው በላይአብ ነው። ከአሜሪካ ታላላቅ የፈጣን ምግብ ብራንዶች መካከል አዲስ አበባ ላይ በይፋ በር የከፈተ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ማክዶናልድን እስከ ዛሬ በፊልም እንጂ በደጃችን አላየነውም። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ልቡ ተነሳ። «አየህ! አገር ያለው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ልትከለክለኝ ነው።»

«አልከለክልህም። ግን የምትገዛውን ዕወቅ።»

«ፒዛ ነዋ የምገዛው!»

አይደለም። ፍራንቻይዝ የሚባለው ነገር አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤቱን የሚከራየው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ የመብራትና የግብር ራስ ምታቱን የሚችለው የአገሩ ሰው ነው። የብራንዱ ባለቤት ስሙን ይሰጥና ከሽያጩ ድርሻውን ይቀበላል። ከስሙ ጋር መመሪያ ይመጣል፦ ሊጡ ይህን ያህል፣ ቺዙ ይህን ያህል ግራም፣ ምድጃው ይህን ያህል ሙቀት፣ ደቂቃውም የተቆጠረ። ናይሮቢም ዱባይም ብትገባ ያው ነው። ዋናው ሸቀጥ እንግዲህ ይኸው ‹ያው ነው› የሚለው ነገር ነው። ጋጋሪው ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ቢመጣ ሊጡ ላይ አታውቅበትም።

«ይሄ ምኑ ይጠላል?» አለኝ። «እኔ እንግዳ ነኝ። ዋጋው ተጽፏል፣ ሽንት ቤቱ ይታጠባል፣ ‹ይህ የመንገደኛ ነው› ብሎ ሂሳብ የሚጨምርብኝ የለም። ባለፈው መጥቼ አንድ ሥጋ ቤት ያደረጉኝን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ለአንድ ሰው ጥብስ የሦስት ሰው ሒሳብ ተጠይቆ፣ ከፍሎ ወጥቶ ነው የነገረኝ። በደንብ ስታስቡት ብራንድ ቤቶች እንግዳን የሚስቡት በጣዕማቸው አይደለም፤ ባይተዋርነትን ስለሚያቀልሉ ነው። ከተማውን የማያውቅ ሰው፣ ያውም ለብቻውና በምሽት፣ አንድ የሚያውቀው ስም ሲያይ ትከሻው ይፈታል። ይህን የሚንቅ ሰው ብቻውን ሰው አገር አምሽቶ አያውቅም ማለት ነው።

«አመንክልኝ!» አለ።

«ለብቸኛ ሰው አምኛለሁ። አንተ ግን ብቻህን አይደለህም። እኔ አለሁ።»

ይህቺ ትንሽ አቀዘቀዘችው። ቢሆንም ወሎዬ በጨዋታ በቀላሉ አይረታም። «እሺ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ» አለ። «ፈረንጅ አዲስ አበባ መጥቶ ፒዛ ሀት ቢገባ ምን ትለዋለህ?»

«አገሩን ሳያይ ሄደ እላለሁ።»

«ልክ ነህ። ለእሱ የቤቱ ምግብ ነዋ! ለእኔ ግን የባሕር ማዶ ነው። ለእኔ የቤት ምግብ አንተ የምትጎትተኝ ጥብስና ሽሮ ነው። ‹ከተማ ስትሄድ የአካባቢውን ምግብ ብላ› የሚለው ምክር ለፈረንጅ የተሰፋ ልብስ ነው፣ እኔ ላይ አይሆንም።»

ሙግቱ ጠንካራ ነው፤ ያቀርብልኛል ብዬ ያልጠበቅሁትም ነበር። ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከወረኢሉ ለጉዳይ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚፈልገው እናቱ ቤት የተወውን አይደለም። ብልጭልጩንም ማየት ያምረዋል። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ የከተማ ሰዎች አሉ፤ ራሳቸው ዱባይ ሲሄዱ ግን እንጀራ የሚሸጥበትን ሰፈር አይደለም የሚጠይቁት።

ስለዚህ መንገድ ቀየርኩ። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።» ቆም አለ። «ኦ! አንተ ጾመኛ ነህ።»

እዚህ ላይ ጨዋታው ከብራንድ ወጥቶ ወደ ማዕድ ገባ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው። አብረን ተምረን አብረን አድገናል፤ አብረን ሥጋ በልተን ግን አናውቅም። ወሎ ውስጥ ይህ አያስገርምም፤ ሰርግ ሲደገስ ለእንግዶቹ በየእምነታቸው ለየብቻ ይታረዳል፣ ሠርገኛው አንድ ነው። አዲስ አበባም በየሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀሉን ወይም ጨረቃና ኮከቡን ታያለህ። ሁለታችን የትኛውም በር ብንገባ አንዳችን ለስላሳ ይዘን ተመልካች ነን። በዚያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ለእኔ ቅቤም ወተትም የለም፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው።

«እና ምን ይሻላል?» አለ። «ሽሮ እንዳትለኝ ብቻ።»

«ፒዛ።»

ዓይኑ በራ።

«ቀዩ ጣራ ግን አይደለም። እዚህ ጎፋ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለ ፒዛ ቤት።»

«ኧረ በለው! ከደሴ አምጥተህ የኮንዶሚኒየም ፒዛ?»

እየተሟገትን ተነሳን። በመንገዳችን ላይ ስለ ጣሊያኖች ነገርኩት። የኔፕልስን የፒዛ አጋገር ዩኔስኮ በፈረንጆች 2017 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። የሌላው አሜሪካዊ ብራንድ የዶሚኖስ ነገር ደግሞ ይገርማል፤ በፈረንጆች 2015 በሚላኖ በኩል ጣሊያን ገባና በ2022 ዘግቶ ወጣ። የዕዳው ጫና እንዳለ ሆኖ፣ በኮሮና ጊዜ የሰፈር ፒዛ ቤቶች ራሳቸው ቤት ለቤት ማድረስ ጀመሩና ዶሚኖስ የሚለይበት ነገር ጠፋ። «ስለዚህ የሰፈር ሰው ሲነቃ ብራንድ ይሸነፋል» ብዬ ልደመድም ስል፣ «ጣሊያን ፒዛው የራሱ ነው፤ እናንተ ጎፋዎች ምን ቤት ናችሁ?» አለኝ።

ምን ቤት እንደሆንን የሚታየው ሲቀርብ ነው። የአዲስ አበባ ፒዛ ከጣሊያን ዘመን የጀመረ ዘር ይኑረው እንጂ ዛሬ የማንም አይደለም። በሁለቱም ሃይማኖት የዓሣማ ሥጋ ስለማይበላ ሜኑው ከሥሩ ሌላ ሆነ። ጾሙ ሲመጣ ቺዙ ወረደ፤ ቺዝ የሌለበትን ፒዛ ለጣሊያን ብትነግረው ይከራከርህ ይሆናል፣ እዚህ ግን ‹የጾም› ብለህ ብቻ ታዛለህ፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅህም። ቱናውም እንዲሁ ነግሧል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ በሁዳዴ አልነካውም፣ በተራው ረቡዕ ግን እበላለሁ። ወዳጄ ደግሞ ለዓሣ ‹ማን አረደው?› ብሎ አይጠይቅም።

«ምን ልታዘዝ?» አለች ልጅቷ።

«የጾም ቱና፣ ትልቁን» አልኩ። «ሊጡ ወተት የለበትም አይደል እህቴ?»

«በጾም ቀን የለበትም ጋሼ።»

ምድጃው ከመስታወት ጀርባ ስለሆነ ጋጋሪውን እያየን ተቀመጥን። ልጁ ወጣት ነው፤ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሷል። የሊጡን ድቡልቡል በመዳፉ ጠፈጠፈው፣ በጣቶቹ ጫፍ ዙሪያውን እየገፋ አሰፋው፣ ከዚያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየወረወረ አሳሳው። የቲማቲም ስልሱን በጭልፋ ጀርባ ከመሀል ወደ ዳር አዞረው። ቀይ ሽንኩርት፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ቃሪያ፣ ቱናው ተፈርፍሮ፣ በመጨረሻ ዘይት ጠብ ጠብ። በረጅሙ የእንጨት አካፋ ወደ እሳቱ ላከውና አንድ ጊዜ ብቻ አዞረው። ዳሩ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሎ ወጣ። መመሪያ የለም፣ የግራም ሚዛንም አላየሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ብትመጣ ቃሪያው ይበዛ ይሆናል፣ ወይም ልጁ ሌላ ቤት ተቀጥሮ ይሆናል። የሰፈር ቤት አደጋው ይኸው ነው፣ መካድ አይገባም።

ቲማቲሙም ቢሆን ከሩቅ አልተገዛም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ፤ ከ2013 ጥምቀት በፊት ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ወደ እኛ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት መጣ። ከሌሊት ጀምሮ አይሱዙ የሚራገፍበት ገበያ ከዚህ የታክሲ መንገድ ነው።

ከፒዛው ጋር ካቻፕና ዳጣ መጣ። ወዳጄ ካቻፑን ገፋ አድርጎ ዳጣውን ወደ ራሱ ሳበ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አጥፎ ጎረሰ። ሁለተኛዋን አነሳ። ሙግት የለም። ሲያቃጥለው ብቻ «እ…» እያለ ውሃ ይጠጣል። እኔም ዝም ብዬ በላሁ፤ ስንት ዘመን ተዋውቀን ሁለታችንም ከአንድ ሰሃን ስንበላ ከሽሮና ከበያይነቱ ያለፈ ነገር ሲገጥመን እንግዳ ነገር ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ልጆቹስ?»

«ሐሙስ ሂድ። ብቻህንም ቢሆን ሂድ። አንድ ነገር ብቻ ዕወቅ፤ የትም ትልቅ ቤት ስትገባ ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ አትመን። 1000 ብር ካለ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 1100 ነው፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1265። እዚህ ጎፋ ግን የተጻፈው ነው የሚከፈለው፣ ደረሰኙን ጠይቀህ አየኸው።»

«ለምንድን ነው ግን እንዲህ የተወደደው?»

ዶላር ነዋ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ከቺዙም ከውጭ የሚገባ አለ፣ ቱናው በቆርቆሮ የሚገባ ነው። የሰፈሩም ቤት ከዚህ አላመለጠም፤ ትልቁ ፒዛ እንደ ድሮው ለአራት ሰው በአንድ ሁለት የብር ኖት የሚገላገሉት ነገር አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት ፎቶው ደረሰኝ። ቀዩ ጣራ፣ ወዳጄ ከፊቱ ቆሞ። ከሥሩ «ጥሩ ነው፣ ቺዙ ይሳባል። ዳጣ ግን የላቸውም» ብሎ ጽፏል። እኔ እንዳልኩት ብቻውን ሄዶ፣ እንዳለውም ያለ ጭንቀት በልቶ ወጥቷል። ቀጥሎ የደረሰኙን ፎቶ ላከ፤ ቫቱን በጣቱ እየጠቆመ።

እናንተም ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የምትመጡ፣ ልጆቻችሁ ‹ፎቶ› ካሏችሁ ብራንዱን አንድ ጊዜ እዩት፣ ማንም አይፍረድባችሁ። ነዋሪ ወዳጅ ካላችሁ ግን አንዱን ምሳ ለእሱ ተዉለት፤ የት እንደሚወስዳችሁም አትምረጡለት። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ‹የጾም› ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ሊጡ ወተትና ቅቤ እንደሌለው ጠይቁ። ሥጋ ያለበት ከሆነም ሥጋው የማን እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ይህን መጠየቅ እዚህ ከተማ ማንንም አያስቀይምም።