«አሪፍ ነው» ሂስ አይደለም

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰቡ ኑሮ ነጸብራቅ ናት እያልን ዘወትር እንናገራለን። ነጸብራቁን መርምሮ የሚፈርድ ሂስ ከሌለ ግን አባባሉ ባዶ መፈክር ሆኖ ይቀራል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ሻይ ይዘው ሲጨዋወቱ የሚሰማው ተመሳሳይ ነው፦ «ፊልሙ አሪፍ ነው፤ ያኛው ይደብራል፤ አዲሱ የራፕ አልበም ደግሞ ልፍለፋ ነው።» ከዚህ የሚያልፍ የለም።

ይህ ልማድ ከቪዲዮ ቤት የተወረሰ ነው። ካሴት ለአንድ ሌሊት ይከራይ በነበረበት ዘመን ተከራዩ «ድብድብ አለው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ካሴቱን ሲዲ፣ ሲዲውን ፍላሽና የእጅ ስልክ ተኩት፤ መለኪያው ግን አልተለወጠም። ካሴቱን ለባለቤቱ መልሰናል፤ የተከራየነውን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ይዘን ቀርተናል።

የሚያሳፍረው ይህ በቅኔ አገር መሆኑ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ሲነግር መምህሩ «ደስ አለኝ» ብሎ አያሰናብተውም። ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና እንኳ ቢሆን ዜማው ልኩን መጠበቁን፣ ሰሙና ወርቁ መጋጠማቸውን፣ ምስጢሩ መድረሱን መርምሮ የጎደለውን ያቃናል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁ የተኮተኮቱት በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ነው።

እስቲ በዚሁ ሚዛን እንመዝን። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በጥቁርና ነጭ የቀረጸውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን «ይንቀረፈፋል» የሚሉ አሉ። በየጥኖራ ሜዳ በሬ ተከትሎ የዋለ ገበሬ ግን አንድ ትልም ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። ካሜራው ከጭሰኛው ላይ ዓይኑን ያልነቀለው ድካሙን ልናየው ብቻ ሳይሆን ልንቆጥረው ነው። ሐያሲ «ለምን ዘገየ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አያዛጋም።

ራፕም እንዲሁ ነው። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ሂፕ ሆፕ በኒውዮርክ ብሮንክስ ከድሃ ወጣቶች መካከል ሲፈልቅ፣ በምት እየተናገሩ ቤት መምታትና ራስን ማወደስ ለጎጃም እንግዳ አልነበረም፤ ፉከራና ቀረርቶ ነበሩና። ስለዚህ «ጉራ ነው» ማለት ነቀፌታ አይሆንም። ፎካሪው ግን ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ቢጠራ የሚያጋልጠው ምስክር በሸንጎው ነበረ። ራፐሩንም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የምትዘረዝረው ኑሮ የማን ነው? የሰፈርህ ወይስ ከሩቅ አገር ክሊፕ የተቀዳ? ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» የአገር ቤቱን ምት ወደ ራፕ ሲያስገባ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥቷል። በብድር ሽጉጥና በብድር መኪና የሚፎክረው ግን ምስክር የለውም።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ዛሬ በደብተሩ ጀርባ ግጥም የሚሞክር ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። «ልፍለፋ» ስንለው ይዘጋል፤ «አሪፍ» ስንለው ከነስሕተቱ ይቀራል። ሁለቱም መምህር የሌለው ጉባኤ ቤት ናቸው። እንግዲያው የኪነ ጥበብ ክበባት አንድ ፊልም በጋራ ይዩ፤ የአንድ ራፕ ስንኞች በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ምቱ፣ ምስጢሩና እውነቱ አንድ በአንድ ይመርመሩ። መምህሩ ያላቃናውን ቅኔ ገበያ አያቃናውም!